በሰዓት የሚከፈል ትርጉም

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ቅርያት ጋት ከተማ፣
አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ሲጎተት ይሰማ።
እኔ ከግድግዳው ጥግ፣ ማይክሮፎን ጨብጬ፣
ከሁለት ቋንቋ መሐል ተቀምጬ።
ኩባንያው ነው የቀጠረኝ፤
በሰዓት ነው የሚከፍለኝ።

ኢንጂነር ኢታማር መብራት ሲያጠፋ ቀይ መስመር በራች፤
ከባሕሩ ተነሥታ በረሃውን ሰንጥቃ አለፈች።
«ከመንግሥት ካዝና» አለ፣ «አንድ ሼቅል አይወጣም፤
ገንዘቡ የግል ነው፣ ግብር ላይ አይመጣም፤
ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲበር፣
ቴል አቪቭ መውረድ ነው፣ ሻይ ሳይበርድ በብርጭቆ ዳር።»
ይኼን ተረጎምኩት፤ አይከብድም ቁጥር፤
ቁጥር በየቋንቋው ያው ነው፣ ያለ ምሥጢር።

ከዚያ አንዲት ቃል ጣለ፦ ሃፍካዓ።

ምን ልበላት?
መውረስ ልበል? ልጅም አባቱን ይወርሳል፤
መንግሥትም ሲመጣ የሰው ቤት ይወርሳል።
ሁለት በር ያላት ቃል፤ ሰሚው በየትኛው ይግባ?
«ለሕዝብ ጥቅም መውሰድ» አልኩ በመጨረሻ።
ረዘመች። ለሰለሰች። ጥርስ የሌላት ውሻ።

ፕሮስፐር ተነሣ፣ ከሞሻቡ የመጣ፣
የእርሻው ጭቃ ገና ከጫማው ሳይወጣ፤
«አባቴን ከመርከብ አውርደው፣ ሌሊት፣ በጭነት መኪና፣
‹ይኸው አገርህ› ብለው እሾህ ላይ ጣሉትና
እሾሁን ነቅሎ ሞተ። ሮማን ተከልኩ እኔ፣ አርባ ዱነም ሙሉ፤
‹ግማሹ ቀረልህ› ይሉኛል መሐሉን ሲበሉ።
ባለ አክሲዮኑ ማነው? ስሙን ማን ይንገረኝ?
መሬቱ በሕዝብ ስም፣ ትርፉ በማን? መልሱልኝ!»

ከኋላ ወንበር ሞሪያ፣ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ፣
«እኔ መሬት የለኝም» አለች፣ «የለኝም የሚነጠቅ።
ያለኝ ሰዓት ነው። በሁለት አውቶቡስ፣ በሌሊት፣
ሦስቱ በየቀኑ ይወረሳል ያለ ሙግት።
ለዚያስ ካሳው ስንት ነው?»
ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ።
ፕሮስፐር እንኳ ጫማውን አየ።

ያኔ አቶ ጓንጉል ተነሡ፣ ወንበሩን ተደግፈው።
መደባቸው ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ ከከተማው አጥር ሥር፣
ጌሾና ጎመን፣ ስድስት እርምጃ በአራት ቢሰፈር፤
ማዘጋጃ ቤት በቃል የሰጣቸው፣
ካርታ ላይ የሌለ፣ ካሳ የማይደርሳቸው።
ጎንደር ሳሉ «ርስት የለሽ» ተብለው፣
የሰው መሬት አርሰው፣ እኩሌታ ከፍለው
የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ንገሪልኝ» አሉ፦
«በእኛ አገር ባቡር የምንለው ወፍጮ ነበር፤
ከወንዙ ማዶ ‹ቱክ ቱክ› እያለ የሚጣራ በር በር።
እህሌን ይወስዳል፤ እውነት ነው፣ ይፈጫል፤
ግን ዱቄቴን በስልቻዬ መልሶ ይሰጣል።
ይኼኛው ባቡር
አፈሩን ከወሰደ፣ ስልቻዬ ውስጥ ምን ይጨምር?»

አማርኛ የሚሰማው ሳቀ።
ሌላው ወደ እኔ ዞሮ ተራውን ጠበቀ።
ባቡርን ከወፍጮ የሚያጋባ ቃል ፈለግሁ፤
አፌ ደረቀ። ሰዓቱ ይቆጥራል።
«ጥያቄው ስለ ካሳ ነው» አልኩ።
ኢታማር ጻፈ። ራሱን ነቀነቀ። «በጽሑፍ ይመለሳል።»

በመጨረሻው አውቶቡስ፣ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አሳርፌ፣
ያቺ የማትታይ ሴት ከድምፅ ማጉያው
ቀጣዩን ታሐና ስትጠራ ብድግ አልኩ።

ታሐና። ጣቢያ ማለት ነው።
ታሐና። ወፍጮም ማለት ነው።
በፊደል ይለያያሉ፣ በጆሮ አንድ ናቸው።
ስድስት ዓመት ያስተማሩኝ፣ በየቀኑ የምወርድበት ቃል!
ሽማግሌው ሳያውቁት በሰው ቋንቋ ቅኔ ዘርፈው ነበር፤
ያን ማታ፣ ማንም ሳይጎዳ የተዘረፈ
እሱ ብቻ ነበር።

ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።
የእኔም ሒሳብ ተዘግቷል፦ ሁለት ሰዓት ከሩብ።
ፌርማታው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አልኩት፣
በዕብራይስጥ፣ እንደሚገባው፣ ከነስልቻው።
አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ወጣት
የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ
«ምን አልሽ?» አለኝ።